ለካድዌል የሚሆን ጎማ

ላውዝ፣ ማርች 3 ቀን 2007

ለልጄ ለሮዌና፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። በዚያ ሁሉ በረዶና ጨለማ መሀል ጤና ከሆንሽልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ። ስለ ጆሮዬ ለጠየቅሽኝ፣ ያው እንደነበረው ነው። ሐኪሙ አዲስ መሣሪያ ሰጥቶኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫብኝ ስለዋለ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስልክ አትደውዪ ያልኩሽ ጠልቼሽ አይደለም። «ምን? ምን አልሽ?» እያልኩ እኔም አንቺም ከምንደክም፣ ይሄ ይሻለናል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አረንጓዴዋ የድሮ መኪናዬ ኤምጂ ዓመታዊ ምርመራዋን አልፋለች። መርማሪው ጎማዎቹን ጎንበስ ብሎ አየና «ጥርሳቸው ሙሉ ነው» አለኝ። እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ ጎናቸው ላይ ያለውን ቁጥር ባነበው፣ ለካ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ኖሯል። ጥርሳቸው ያላለቀው እኔ ስለማልነዳት ነው እንጂ ላስቲኩስ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

ኤፕሪል 21 ካድዌል የእሽቅድምድም ሜዳ ለድሮ መኪና ማኅበራችን ክፍት ነው። ከወዳጄ ከኦስዋልድ ጋር ተመዝግበናል። እንደምታውቂው እኔ እነዳለሁ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ይሳደባል። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቀኑን ቆጥሬ የምጠብቀው ነገር ይሄ ብቻ ነው፤ መሪውን ስይዝ ጆሮዬ ያጣውን እጄ ይሰማልኛል።

ጎሚስታው ሦስት ዓይነት ጎማ አሳየኝ። አንደኛው ለመንገድም የተፈቀደ፣ ግን ለእሽቅድምድም የተሠራ ለስላሳ ጎማ ነው፤ በእጅ ሲነኩት ሙጫ ይመስላል። ከማኅበራችን አንዱ በዚህ ጎማ በየዙሩ አምስት ሰከንድ ቀነስኩ እያለ ሲያወራ ይውላል። ሁለተኛው በድሮው ልክ የተሠራ ቀጭን ተራ ጎማ ነው። ሦስተኛው መልኩም ሁለመናውም የድሮ፣ ለትርዒት የሚሆን ነው። መኪናዋን የምጭንበት ተጎታች እንደሌለኝ አትርሺ። በምሮጥበት ጎማ ነው ወደ ቤቴ የምመለሰው።

ጎማ መሞከር ሥራሽ ነው፤ አንቺን ካልጠየቅኩ ማንን ልጠይቅ? ካዘዝኩት በኋላ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ እስከ ኤፕሪል 5 ቃልሽን እጠብቃለሁ።

ኦስዋልድ «ሽማግሌው ጎማ ሊቀይር ነው፤ ጆሮና ጉልበቱንስ መቼ እንደሚቀይር ጠይቂልኝ» ብሎሻል። ሚስቱ ማቪስም ሰላም ብላሻለች። የቤተ መጻሕፍቱን መኪና አስረክባ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤት መዋሉ አልሆነላትም። ሠላሳ ዓመት በየመንደሩ መጽሐፍ ስታደርስ ኖራ፣ አሁን የቀራት ሥራ ባሏን ማረም ነው።

አባትሽ ሂዩበርት

ኢቫሎ፣ ሜይ 2 ቀን 2007

አባዬ፣

ይህን ያህል ስለዘገየሁብህ ምን እንደምል አላውቅም። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ድረስ በረዶው ሐይቅ ላይ ነበርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ያው መኪና፣ ያው ክብ፣ ሌላ ጎማ። ቤት ስገባ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ አቅም አይኖረኝም። ቀኑ እንዳለፈ አውቃለሁ። ለሚቀጥለው ይሁንህ ብዬ ነው የምጽፈው።

ለስላሳውን አትግዛ። ያ ጎማ ሥራ የሚጀምረው ሲግል ነው። ሜዳው ላይ ሦስት ዙር ስትዞር ይግላል፣ ይይዛል። በቀዝቃዛ የገጠር መንገድ፣ በዝናብ ግን አይግልም፤ ጥርሱም ጥቂት ስለሆነ ውኃውን አይጠርግም። ሕጉ ፈቀደው ማለት ለማንኛውም ቀን ይሆናል ማለት አይደለም። ደግሞም መኪናህ የተሠራችው ቀጭን ጎማ ታስቦላት ነው። ከአቅሟ በላይ የሚይዝ ጎማ ስታስርላት፣ ጎማው የቻለውን የቸርኬው ሽቦዎች አይችሉትም። የትርዒቱን ተወው፤ ቆሞ ለመታየት ነው የተሠራው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ያንተ ብቻ ነው። ተራ ጎማ ከመልቀቁ በፊት ያስጠነቅቃል። ይጮኻል፣ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ለመመለስ ጊዜ ይሰጥሃል። ለስላሳው ይይዛል፣ ይይዛል፣ ከዚያ ባንዴ ይለቃል። ጩኸቱን ለማይሰማ ሰው፣ መሪው ላይና ወንበሩ ላይ ቀድሞ የሚናገር ጎማ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ተራውን ግዛ። አምስቱን ሰከንድ ለሚፈልጋቸው ተውላቸው።

ካድዌል እንዴት ነበር? ያለወትሮህ ዝም አልክ። አጎቴ ኦስዋልድ ደህና ናቸው? አንድ ፎቶ ላክልኝ።

ሮዌና

ላውዝ፣ ሜይ 12 ቀን 2007

ውድ ሮዌና፣

ምክርሽ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ሁሉም ገብቶኛል። ለወደፊቱ ይጠቅማል።

ካድዌል መልካም ነበር። ጠዋት ፀሐይ ነበረች፤ ሃያ ዙር ያህል ዞርን። ፎቶ አላነሳንም። ጽሕፈቴ ቢጣመምብሽ የእጄ አንጓ ትንሽ ስላመመኝ ነው፣ አታስቢ። ኦስዋልድ እያረፈ ነው። አንቺም ዕረፍት አድርጊ፤ ድካምሽ ከደብዳቤሽ ይታያል።

አባትሽ

ኢቫሎ፣ ሜይ 24 ቀን 2007

አባዬ፣

ትናንት ከአክስቴ ማቪስ አንድ ካርድ ደረሰኝ። ሰላምታም የለውም፣ ፊርማም የለውም። ጽሕፈታቸውን ባላውቀው ከማን እንደመጣ አይገባኝም ነበር። አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት ያለችው፤ «ያ ለስላሳ ጎማ በብርድና በዝናብ እንደማይሆን ታውቂ ነበር?»

ካርዱን ይዤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ምን ሆናችሁ? «እያረፈ ነው» ስትለኝ የት ነው የሚያርፉት? እጅህስ ምን ሆኖ ነው?

እናቴ በታመመች ጊዜም እንዲሁ አደረግከኝ። «ትንሽ ደክሟታል» እያልክ ጽፈህልኝ፣ ስመጣ አልጋ ላይ ሰው አልነበረም። አሁን ግን ሐዘን ከሌላ ሰው አፍ መስማት ታክቶኛል። እባክህ እንዳለ ንገረኝ።

ሮዌና

ላውዝ፣ ጁን 2 ቀን 2007

ልጄ፣

ልክ ነሽ፤ በእናትሽም ጊዜ በድዬሻለሁ። አሁን እንዳለ ልንገርሽ።

እስከ ኤፕሪል 5 ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ መቆየት ስላልቻልኩ ጎሚስታው ዘንድ ሄድኩና ለስላሳውን አዘዝኩ። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጎማ መምረጥ ያለብኝ ራሴ ነበርኩ። ዕድሜዬን በሙሉ የእርሻ ትራክተር ስጠግን ኖሬ፣ አምስት ሰከንድ አማረችኝ።

ጠዋቱ ለጉድ ነበር። ጎማው ሲግል መኪናዋ መሬቱን በጥፍሯ የያዘች ትመስል ነበር። ለዕረፍት ስንቆም ኦስዋልድ ሄልሜቱን አውልቆ «ያ ስነዳው የኖርኩት አውቶብስ እንዲህ ቢይዝ ኖሮ ተሳፋሪው ሁሉ ቁርሱን ይመልስልኝ ነበር!» አለኝ። እንደዚያ ከሳቅን ስንት ዓመታችን ነው።

ከምሳ በኋላ ዘነበ። ሜዳውን ዘጉትና የመኪናዋን የሸራ ጣሪያ ጎትተን ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። መንገዱ ሩቅ አይደለም። ኮረብታውን ወርደን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያለውን ኩርባ ስይዝ መሪው እጄ ላይ ቀለለ። ቀለለ ስልሽ፣ ምንም ነገር እንዳልያዝኩ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የማደርገው አልነበረም። በኦስዋልድ በኩል ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ቁልል ጋር ተጋጨን። በሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ዳሌውን ሁለት ቦታ ሰበረው፤ ጉልበቱንም እንዲሁ። እኔ የተሰበረብኝ የእጄ አንጓ ብቻ ነው። ይኸው ስድስት ሳምንቱ፣ እስካሁን ሆስፒታል ተኝቷል።

ከዚህ የሚከፋውን ልንገርሽ። ፖሊሱ የኦስዋልድን ቃል በወረቀት አሳየኝ። ኩርባው ጋ ከመድረሳችን በፊት «ሂዩበርት፣ ቀስ በል!» ብሎ ሁለት ጊዜ ጮኾብኛል። ሁለት ጊዜ። እኔ አንዱንም አልሰማሁም።

በየቀኑ በአውቶብስ ወደ ሆስፒታሉ እሄዳለሁ። መኪና ማቆሚያው ዳር ያለው አግዳሚ ላይ እቀመጥና እመለሳለሁ። ማቪስ አንድ ጊዜ አየችኝ፤ ፊቷን አዙራ አለፈች።

አባትሽ

ኢቫሎ፣ ጁን 11 ቀን 2007

አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አሁን ስለደከመኝ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

የማርች ደብዳቤህ የደረሰኝ በዘጠነኛው ቀን ነው። ያን ዕለት አነበብኩት። መልሱን ያን ዕለት አውቀው ነበር፤ ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ማጠፊያውን ተከትዬ አጠፍኩትና የፍራፍሬ ሳህኑ ሥር ከተትኩት። ስለ በረዶው ሐይቅ የጻፍኩልህ ሰበብ ነው። ሥራው አድካሚ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ጊዜ አጥቼ አይደለም።

በዚያ ወር አንቲ ዕቃውን ጭኖ ወጥቶ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረን፣ ሲሄድ ድመቷን ብቻ ነው የተሰናበተው። አልነገርኩህም። እንግዲህ ነገር መደበቅን ከማን እንደተማርኩት ታውቃለህ። አንተ ስለ ጎማ ስትጠይቀኝ «እኔንስ ማን ይጠይቀኝ?» አልኩ። ሌላም ነገር አለ። ያንን መኪና እንድትተው እፈልግ ነበር። በዚያ ጆሮህ፣ በዚያ ዕድሜህ። «ዝም ካልኩት ጎማ አያዝም፤ ጎማ ካላዘዘ ይቀራል» ብዬ አሰብኩ። ዝምታዬ የሚጠብቅህ መስሎኝ ነበር።

ይኸው ነው። አክስቴ ማቪስ ለጠየቁኝም መልሻለሁ። «አዎ፣ አውቅ ነበር፤ እያወቅኩም አልጻፍኩለትም» ብዬ ለሁለቱም ጽፌላቸዋለሁ።

መምጣት ነበረብኝ። አልመጣሁም። ፊትህን ለማየት ስላልቻልኩ ነው ወረቀት የያዝኩት። ይቅርታህን የምለምነው እንድትቸኩልልኝ አይደለም። መናደድ ካለብህ ተናድደህ ጻፍልኝ።

ሮዌና

ላውዝ፣ ጁላይ 8 ቀን 2007

ልጄ ሮዌና፣

በመዘግየቴ አልዋሽሽም፤ ተናድጄ ነበር። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ደብዳቤሽን እሳት ውስጥ ልጨምረው አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን «አባቷ አንተ ነህ፤ እሷና አንቲ እንዴት እንደሆኑ ሳትጠይቅ ስለ ላስቲክ ስትጽፍላት የኖርክ» አልኩት ራሴን። ከዚያ ተላጨሁና አውቶብስ ያዝኩ። አግዳሚው ላይ ሳልቀመጥ በቀጥታ ገባሁ።

ኦስዋልድ መስኮቱ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ጉንጩ ገብቷል። ሲያየኝ አፉን ከፍቶ፣ ከንፈሩን እንዳነብለት ቀስ እያለ ተናገረ።

«አንተ ደንቆሮ። ስንት ሳምንት ሙሉ መኪና ማቆሚያ ላይ ተጎልተህ ከርመህ ዛሬ መጣህ? ከዚህ መስኮት እኮ ትታየኛለህ። ነርሶቹ ‘ያ ሽማግሌ ቤት የለውም ወይ?’ እያሉ ሲያዝኑልህ ነው የከረሙት።»

«ልገባ ፈርቼ ነው» አልኩት።

«ምን እንዳደርግህ? ተነስቼ እንዳልረግጥህ እግር የለኝ።»

አለቀስኩ። እሱም አላበረታታኝም። እስክጨርስ ጠበቀኝና «ፖሊሱ የጻፈውን አንብበሃል አይደል?» አለኝ።

«አንብቤያለሁ። ሁለት ጊዜ ጮኸህብኝ አልሰማሁህም።»

«እሱን ነው የምልህ። አንተ እንደማትሰማ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ? ዐሥር ዓመት ትከሻህን እየነካሁ ሳወራህ ኖሬያለሁ። ያን ዕለት እጄን ዘርግቼ ትከሻህን ብነካህ ምን ነበረበት? ደንቆሮ ላይ ጮኽኩ! ተኝቼ ጣራውን እያየሁ የማስበው ይሄንን ነው እንጂ ያንተን ጎማ አይደለም።»

ያንቺን ደብዳቤ አውጥቶ አሳየኝ። ትራሱ ሥር ነው ያስቀመጠው። «ልጅህ እውነተኛ ናት። እንዲህ ያለ ነገር በቀለም ጽፎ መላክ ወንድነት ይጠይቃል» አለኝ። ሮዌና፣ ጥፋቱን ስንካፈል ብንውል ለሦስታችንም ይበቃል፤ ገና ለጎሚስታው የሚተርፍ አለ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ቀላል ሆኖልኝ አይደለም፤ ግን ብዬሻለሁ።

መንጃ ፈቃዴን መልሻለሁ። ማንም አላስገደደኝም። መኪናዋንም ልሸጥ ነው ስለው ኦስዋልድ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «እኔን የሰበረች መኪና ለማያውቃት ሰው አትሸጥም! ባትላሜራው ያቃናት» አለ። ምን እንደሚያደርግባት እሱም አያውቅም።

ማቪስ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሳልፍ አላየችኝም።

አባትሽ

ኢቫሎ፣ ጁላይ 19 ቀን 2007

አባዬ፣

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ ለግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቤት ሄድኩ።

መንጃ ፈቃድህን በመመለስህ «ጎሽ» ልልህ አልችልም። ምን እንደከፈልክ አውቃለሁ። ማን እንደሚነዳትም አልጠይቅህም። አራት ተራ ጎማ ግን አዝዤልሃለሁ፤ በዚህ ሳምንት ይደርሱሃል። ቀጭን፣ በድሮው ልክ፣ ዘንድሮ የተሠሩ። ጎናቸው ላይ ያለውን ቁጥር ራስህ አንብብና አረጋግጥ፤ እኔንም ቢሆን አትመን። ነፋሱን ቀዝቃዛ ሳሉ ለካቸው። ሜዳ ላይ ከሮጡ በኋላ ስለሚጨምር፣ እንደገና ለክተህ አስተንፍሳቸው፤ ለመንገድ ስትመለስ ደግሞ ሙላቸው። መጀመሪያ መቶ ማይል ያህል በቀስታ ይነዱ፤ አዲስ ጎማ ላዩ ያንሸራትታል።

ይኸው፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ለገና እመጣለሁ። ፈቃዴን ጠይቄ ጨርሻለሁ።

ሮዌና

ላውዝ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 2007

ለልጄ ለሮዌና፣

በሴፕቴምበሩ ደብዳቤሽ «አክስቴ ማቪስ እንዴት ናቸው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱ ረጅም ስለሆነ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ኦስዋልድ ኦገስት ላይ ቤቱ ገባ። በሁለት ዱላ ነው የሚሄደው፤ ሐኪሙ ከዚህ ብዙም እንደማይሻለው ነግሮታል። በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ። ማቪስ በሩን ትከፍትልኛለች፣ ወደ ወጥ ቤት ትገባለች፣ እስክወጣ አትመለስም። አንድም ቃል የለም። እኔም አልፈረድኩባትም። ሌሊት የምታነሳው እሷ፣ የምታጥበው እሷ፣ ደረጃ የምታወጣው እሷ ናት። ፊቷ ላይ ያለውን ድካም አይቼ «ሰላም ዋልሽ» ማለት እንኳ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይ የበሬ ደወል ተደወለ፤ ለጆሮዬ ተብሎ የተገጠመው መብራት ብልጭ ሲል ከፈትኩ። ማቪስ ናት። እጇን ዘረጋች። ቁልፍ እንደምትፈልግ ገባኝ። መኪናዋ ከባትላሜራው ተመልሳ፣ ያንቺ ጎማዎች ታስረውላት ጋራዥ ቆማ ነበር። ሰጠኋት። ይዛት ሄደች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ አምጥታ አቆመቻትና ቁልፉን በፖስታ ቀዳዳው ጣለችልኝ። በማግስቱ ደግሞ መጣች። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አደረገች። አንቺ ያልሽውን መቶ ማይል ጨርሳ አልፋዋለች። ኦስዋልድን ብጠይቀው «አንተ ዝም በል። ለእኔም አልነገረችኝም» አለኝ።

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 22 የማኅበሩ የዘንድሮ የመጨረሻ የሜዳ ቀን ነበር። ስሟን አስመዝግባ ኖሯል። ጠዋት መጥታ በእጇ ምልክት ሰጠችኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኦስዋልድን ልጃቸው በሌላ መኪና አመጣውና አጥሩ ዳር ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀመጠ።

ሠላሳ ዓመት በጠባብ የገጠር መንገድ ከባድ መኪና የነዳች ሴት ናት፤ ማርሽ ስትለውጥ አይታወቅም። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ረጋ ብላ ሄደች። ማንም ቢያልፈን ግድ አልሰጣትም። አምስተኛው ላይ ቀኝ ኩርባው ጋ ፍጥነት ጨመረች። አስባበት ነው። የኋላው ቀስ ብሎ መሸሽ ጀመረ፤ ወንበሬ ሥር ተሰማኝ። የበሩን ጠርዝ ጨበጥኩ። እሷ ግን መሪውን ትንሽ መለሰችለት፣ መኪናዋም ታዘዘችላት። ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ደገመችው። ደግሞ። አይቼው የማላውቀው ሰው ሆነችብኝ። ጥርሷን ነክሳ፣ እንባዋ ሄልሜቱ ውስጥ እየወረደ፣ ያንኑ ኩርባ ስድስት ጊዜ አንሸራተተችው። ባሏ ላይ የደረሰውን ነገር በገዛ እጇ ይዛ ልታየው ፈልጋ ነው መሰለኝ።

ከሜዳው ወጥተን አቆመች። ሞተሩን አጠፋች። ሄልሜቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ከንፈሯን እንዳየው አድርጋ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ይቅር አላልኩህም፣ ሂዩበርት። እንዳይመስልህ።»

«አይመስለኝም» አልኳት።

«ግን ደክሞኛል። በቤቴ ውስጥ ከአንተ መሸሽ ደክሞኛል። ሐሙስ ለምሳ ና።»

ሐሙስ ሄድኩ። ማቪስ በሩን ከፈተችልኝ፤ ኮቴን ተቀብላ ሰቀለችው። ኦስዋልድ «ጎማ አዋቂው መጣ!» ብሎ ከወንበሩ ጮኸ መሰለኝ፤ አፉ ሰፍቶ ነበር። የበግ ጥብስና ድንች ነበር የተሠራው። ማቪስ ሳህኑን አቀብላን ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ እንደወትሮው እዚያው ትቀራለች ብዬ ሹካዬን አነሳሁ። የራሷን ሳህን ይዛ ተመለሰችና ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

አባትሽ ሂዩበርት